የመንታዎቹ ቤት ትንሿ በር

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ እኔ ጀግና የሆንኩበት ታሪክ አይደለም። የጀግና ጉልበት አይንቋቋም። የእኔ ግን ከመቀመጫዬ ስነሳ ድምፁን የሰማ ሁሉ አንድ ሰው ደረቅ ማገዶ እየሰበረ ነው ብሎ ያስባል። ይህን ከወዲሁ የምላችሁ፣ በኋላ አንድ እግሬን በመስኮት አውጥቼ ስታገኙኝ ትልቅ ነገር እንዳትጠብቁ ነው።

ካሳ እባላለሁ። ዓይኔ ክሩን ወደ መርፌው ማስገባት እስኪሳነው ድረስ መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አሁን የስፌት መኪናዬ ምድር ቤት ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ ትቀመጣለች፤ እኔም ጋቢ ለብሼ ከጎኗ እቀመጣለሁ። አላፊ አግዳሚው ሁለታችንንም እኩል ሰላም ይለናል።

ቤቴ የመንታ ግማሽ ነው። የእኔ አያትና የጎረቤቴ የዘሀራ አያት፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ ጨውና ማር አብረው የሚነግዱ ባልንጀሮች ነበሩ። ሲያልፍላቸው ጎን ለጎን ፎቅ ሠሩ። ምድሩ ድንጋይ ነው፤ ላዩ በጭቃ የተመረገ የጥድ እንጨት። ከፊት ለፊት ሁለቱንም ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዝ ሰገነት ነበራቸው፤ መደገፊያው በአበባና በጨረቃ ቅርፅ የተፈለፈለ። ግንበኛው ከየት እንደመጣ በእኛ ቤት የሚወራውና በነዘሀራ ቤት የሚወራው አይገናኝም። እኛ ጎንደሬ ነው እንላለን፤ እነሱ ባሕር አቋርጦ የመጣ ዓረብ ነው ይላሉ። ማንም ይሁን ማን ተንኮለኛ ሰው ነበር፤ ሁለቱ ባልንጀሮች ቢጣሉ እንኳ መለያየት እንዳይችሉ አድርጎ ነው የሠራቸው።

እንዴት መሰላችሁ፤ ደረጃው አንድ ብቻ ነው። ከመሬት ተነስቶ በሁለቱ ቤቶች መካከል ወደ ሰገነቱ ይወጣል። የማን ነው እንዳይባል ደግሞ አያቶቻችን እርከኖቹን ተካፈሏቸው፤ አንዱ እርከን የእኛ፣ ቀጥሎ ያለው የእነሱ፣ እንዲያ እያለ እስከ ላይ። የእኛ ሲበሰብስ እኛ እንቀይራለን፤ የእነሱ ሲሰነጠቅ እነሱ ይቀይራሉ። ማንም ሰው የጎረቤቱን እንጨት ሳይረግጥ ቤቱ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ትንሿ በር ናት። ላይ ቤት፣ በጋራው ግድግዳ መሐል፣ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት በር ነበረች። በክረምት ሴቶቹ ዝናብ ሳይመታቸው እንዲገናኙ የተሠራች ናት። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የነቃ ሰው እሷን መታ መታ ያደርግና «አላችሁ?» ይላል። ወዲያ ማዶ ያለው «አለን» ይላል። ሌላ ወሬ አይጨመርም። ባለቤቴ አበበች በሕይወት ሳለች የእሷ ሥራ ነበር፤ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ ተዛወረ። ከዘሀራ ጋር አብረን ነው ያረጀነው፤ እሷ በትንሹ ትበልጠኛለች፤ ይህን አንድም ቀን እንድረሳው አድርጋ አታውቅም።

ታዲያ ምን አጣላችሁ አትሉኝም? ቅርስ መሆናችን።

ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል፣ ቤቶቹ ተመዘገቡ፤ ታፔላ ተለጠፈብን። መጀመሪያ ኮራሁ። ከታፔላው ሥር ተቀምጬ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እል ነበር። ቆይቶ ነገሩ ገባኝ። ቆርቆሮ መቀየር በፈቃድ፤ ግድግዳ መምረግ በፈቃድ፤ ያለ ፈቃድ ቤቴ የሚገባው ዝናብ ብቻ ሆነ። ከአልጋዬ ራስጌ አንድ ባልዲ፣ ከግርጌዬ አንድ ድስት አስቀምጬ በመሐላቸው እንደ ሬሳ ተጋድሜ አድራለሁ። ደከመኝ። ኮምቦልቻ የሚኖረው ልጄ «አባዬ፣ ከመዝገቡ ያስወጡትና አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይለኝ ጀመር። እኔም ቤቴ ከቅርስነት ይሰረዝልኝ ብዬ አመለከትኩ።

ዘሀራ ስትሰማ በትንሿ በር ጎንበስ ብላ መጣች።

«ካሳ፣ የአንተን ስታፈርስ የእኔ በምን ሊቆም ነው?»

«በግድግዳው ነዋ።»

«ግድግዳው የማን ነው?»

«የሁለታችንም።»

«እንግዲያው ግማሹን ልታፈርሰው ነው? በስፋቱ ነው በቁመቱ?»

ጮህኩባት። እሷም አልቀረባትም። ከዚህ ቤት የምትወጣው በቃሬዛ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ደጎሎ ያለችው ልጇ ዘንድ ሄዳ እንደ እንግዳ ጥግ ላይ እንደማትቀመጥ ነገረችኝ፤ ልብስ ስሰፋም ሁልጊዜ አንዱን እጅጌ እንደማሳጥር ነገረችኝ። የመጨረሻው በጣም ጎዳኝ።

በማግስቱ ብሎኬትና ሲሚንቶ አምጥቼ ትንሿን በር ደፈንኳት። ጨርሼ እጄን ስታጠብ ከወዲያ በኩል የጭቃ ምርጊት ሲለጠፍ ሰማሁ። ለካ እሷም በዚያው ቀን በራሷ በኩል እየደፈነች ነበር። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከዚያ ወዲህ መከባበር ጀመርን። እሷ «አቶ ካሳ» ትለኛለች፤ እኔ «ወይዘሮ ዘሀራ» እላታለሁ፤ በአንቱታ እንሰዳደባለን። የጠዋቱ «አላችሁ?» ቀረ። የእኔን እርከኖች መጠገንም ተውኩ፤ የሚፈርስ ደረጃ ምን ይጠገናል ብዬ። እሷ ግን አናጢውን ሰይድን እየጠራች የራሷን አስጠረበች። ደረጃው አንዱ አዲስ አንዱ ብስባሽ ሆኖ እንደ እኔ ጥርስ ሆነ። ስወጣና ስወርድ የራሴን እየዘለልኩ የእሷን ብቻ እረግጣለሁ። በእንጨቷ እየወጣሁ አኮርፋታለሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቀኑ ልምጣ።

ነሐሴ ነበር። ማመልከቻዬን የሚያጣሩ ሰዎች ከደሴ ይመጣሉ ተባለ። ጠዋት የተባሉት አቀስታ አካባቢ ጭቃ ይዟቸው ከቀትር በኋላ ደረሱ። ከደሴ የመጣችው ሰላማዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት፤ ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሷል። አብሯት ከከተማችን ጽሕፈት ቤት አቶ ይመር አለ፤ ስልክ ከጆሮው የማይለይ፣ ሰፊ ሰው። ሱሪውን እኔ ነበርኩ የምሰፋለት፤ ስፋቱን አውቀዋለሁ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ደረጃው ራሱ ይናገርልኝ። ሰው ለመስበር ግን አላሰብኩም። «አዲስ የተጠረበውን እየረገጣችሁ ውጡ፤ አሮጌውን አትንኩ» አልኳቸው። ወጡ። ላይ ዘሀራ ነጭ ሻሿን አስራ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ምሳ ታች ማድ ቤት ተሠርቷል፤ አስመጣለሁ።»

«መጀመሪያ ልለካ እናቴ፣ ከዚያ እበላለሁ።»

«እሺ፣ እጠብቅሻለሁ። እንግዳ ሳይቀምስ እኔ አልቀምስም።»

ይህችን ቃሏን ያዙልኝ።

ሰላማዊት በክፍሌ ጀመረች። ባልዲዬን አየች፤ ድስቴን አየች፤ እኔም የበለጠ ያረጀሁ እንድመስል ሳል ጨመርኩበት። እሷ ግን ቀና ብላ የጣራውን አግዳሚ ነበር የምታየው። በሰገነቱ ዞራ ወደ ዘሀራ ክፍል ሄደች፤ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ሄደች።

«አባቴ፣ ይህ አግዳሚ ከእርስዎ ቤት ጫፍ ተነስቶ ግድግዳውን አልፎ እሳቸው ቤት ጫፍ ነው የሚያልቀው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሁለት ቤት አይደለም፤ አንድ ቤት ነው። አንዱን ብናነሳ ሌላው ይወድቃል።»

«ልጄ፣ ይህን ለማወቅ ከደሴ ድረስ መልፋት አልነበረብሽም። እሷ ሲያስነጥሳት የእኔ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል።»

አልሳቀችም። ብሎኬቴ ፊት ቆመች።

«ይህን በር ማን ደፈነው?»

«ዘመን።»

«ዘመን በብሎኬት ነው የሚሠራው?»

አቶ ይመር ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ሰማዩ ቀደመው። በረዶ ነው የወረደው። ቆርቆሮው ላይ የገብስ ክምር እንደሚደፋ ይንጣጣ ጀመር፤ መስማማት ቀርቶ መሰማማት አልተቻለም። ሰላማዊት መኪናው ውስጥ የተወችው መሣሪያ እንዳይመታባት ሮጣ ወረደች። አቶ ይመር ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ተከተላት። እኔ በሬ ላይ፣ ዘሀራ በሯ ላይ ሆነን እናያለን። አዲሱን ረገጠ፤ አዲሱን ረገጠ፤ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው የሚያስቅ ነገር ነገረው መሰለኝ፣ ሳቀና የእኔን ረገጠ።

ሲሰበር ብዙ አልጮኸም። ድምፁ እንደ ማዛጋት ነበር። እርከኑ ሰመጠ፤ አቶ ይመር አብሮት ሰመጠ፤ የጎኑ ተሸካሚ ከግንቡ ተላቀቀ፤ ደረጃው በሙሉ ወደ ጎን ዘመመና የሰገነቱን መሐል ይዞት ወረደ። በእኔ በርና በዘሀራ በር መካከል አየር ብቻ ቀረ። የየበራችን ጉራጅ ሰገነት ወደ ታች ተንጋዶ ይወዛወዛል።

አቶ ይመር ከእንጨቱ ሥር ተጎትቶ ወጣ። እግሩ ወልቆ ነበር፤ ጤነኛ መሆኑን ያወቅነው ወዲያው ሰው መቆጣት ስለጀመረ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀመጡት።

ዘሀራ ከወዲያ ማዶ ተመለከተችኝ።

«አቶ ካሳ፣ ያ የእርስዎ እርከን አልነበረም?»

«ከእርስዎ እርከን ቀጥሎ ያለው ነው፣ ወይዘሮ ዘሀራ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ነው።»

ሌላ ቁራጭ ከሰገነቱ ሲወድቅ ሁለታችንም ወደ ውስጥ ገባን።

አሁን የቤቱን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። የእኔ ጫፍ በላይ በኩል ነው፤ ከላይ ቤት የጎን መስኮቴ እስከ ዳገቱ አፈር ድረስ አንድ ሳንቃ ይበቃል። የዘሀራ ጫፍ በታች በኩል ነው፤ ከመስኮቷ ሥር ቦይ ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት ቦዩ ድንጋይ እያንከባለለ ነበር። ከፊት ለፊት መሰላል እንዳይቆም የተንጠለጠለው ሰገነት አናት ላይ ሊወርድ ነው። ስለዚህ ለእኔ መውጫ አለ፤ ለእሷ የለም።

በረዶው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ድምፅዋ በደፈንነው በር በኩል መጣ፤ ከእኔ ብሎኬት ከእሷም ጭቃ አልፎ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ።

«ልጅቷ ምሳዬን ሳትበላ ሄደች።»

«ሰውየውስ?»

«እሱ ብዙ ይበላል ብዬ አስጨምሬ ነበር። ደረጃውን በላ።»

ብቻዬን ሳቅኩ። ግድግዳ ላይ ተደግፎ መሳቅ ሞኝ ያስመስላል፤ ማንም ስላላየኝ ቀጠልኩ። እሷ ቀጠለች።

«መርፌዬን ተወግቼ ነበር።»

«የምን መርፌ?»

«የስኳሬን ነዋ። እንግዶቹ መጡ ሲባል፣ አሁን እበላለሁ ብዬ ተወጋሁ። ምሳው ታች ነው።»

ሳቄ ቆመ። ዘሀራ የስኳር በሽታ እንዳለባት መላው ሰፈር ያውቃል። መርፌውን ተወግታ ካልበላች ምን እንደምትሆን ግን የምናውቀው እኔና አበበች ነበርን። አንድ ዓመት በረመዳን ማግስት እንዲሁ ሆና ላብ ሲያጠምቃት፣ አበበች በትንሿ በር ጎንበስ ብላ ገብታ ስኳር አፏ ውስጥ አድርጋ ነው የመለሰቻት። እኔ ያኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ «ምን ልርዳ?» እያልኩ እጄን አፋትግ ነበር።

«እዚያ ምንም የሚቀመስ የለም?»

«ውኃ አለ። አብሽር፣ ምንም አልሆንም።»

አብሽር ያለችው ለእኔ ነው። እየተንቀጠቀጠ ያለው የእሷ ድምፅ ነበር።

በዚህ መሐል በጎን መስኮቴ ሳንቃ ተንኳኳ። ሰይድ አናጢው ከጎረምሶች ጋር ዳገቱ ላይ ቆሞ አንዱን ጫፍ መስኮቴ ላይ አሳርፏል።

«አያ ካሳ፣ ይውጡ። በቀስታ፤ እኔ እይዝዎታለሁ።»

«ዘሀራስ?»

«በእሷ በኩል ጎርፍ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይውጡና እናስብበታለን።»

«አንተ ለምን አትገባም?»

ሰላማዊት ከኋላው ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል። «ማንም አይግባ። ደረጃው ሲወድቅ የወለሉን ተሸካሚ ከግንቡ ስቦታል፤ ተጨማሪ ሰው አይችልም። አባቴ፣ እባክዎ ይውጡ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወጣሁ። ማለቴ አንድ እግሬ ወጣ። ቀኝ እግሬ ሳንቃው ላይ፣ ግራ እግሬ ክፍሌ ውስጥ፣ ጋቢዬ መስኮቱ ሚስማር ላይ። ዝናቡ ራሰ በራዬን ይመታዋል። ሰይድ እጁን ዘርግቷል። ደክሞኝ ነበር፤ ከዚያ ቤት ለመውጣት ስንት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ይኸው መውጫው ተሰጠኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ዘወር አልኩና ወደ ግድግዳው ተጣራሁ።

«ዘሀራ፣ አላችሁ?»

ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ዘሀራ።»

ከዚያ በጣም ቀስ ያለ፣ የልጅ የመሰለ ድምፅ መጣ። «አበበች፣ ጨው አለሽ?»

አበበች ከሞተች ስንት ክረምት አልፏል። የዘሀራ ልብ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባኝ። ቀኝ እግሬን መለስኩ። ጋቢዬ ሚስማሩ ላይ ቀረ።

«አያ ካሳ፣ ወዴት ነው?» አለ ሰይድ።

«በሩን ልከፍት።»

«የትኛውን በር?» አለች ሰላማዊት።

«ዘመን የደፈነውን።»

ከመንገዱ ማዶ አቶ ይመር ነገሩን ሲሰማ እግሩ አመመው መሰለኝ ጮኸ። «ግድግዳ እንዳይነካ። የተመዘገበ ነው። ደብዳቤ ሳይኖር አንድ ድንጋይ ቢነሳ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ሰላማዊት ዳገቱ ላይ ተንበርክካ አንገቷን ወደ መስኮቴ አሰገገች። «አባቴ፣ ይስሙኝ። ከላይ ያለውን የእንጨት ጉበን እንዳይነኩ፤ ግድግዳውን የያዘው እሱ ነው። ከእሱ ሥር ያለውን ብቻ ይስበሩ። የእርስዎ ብሎኬት ቅርስ አይደለም።»

መዶሻ ታች ነው። ላይ ቤት ያለኝ የድሮዋ የከሰል ካውያዬ ብቻ ናት፤ ከብረት ተቀጥቅጣ የተሠራች፣ ለማንሳት ራሷ ጎረምሳ የምትፈልግ። በሁለት እጄ ያዝኳትና ብሎኬቱን በአፍንጫዋ መታሁት። ዕድሜዬን በሙሉ በዚያች ካውያ የሰው ልብስ ሳስተካክል ኖሬ፣ በመጨረሻ የሠራሁትን ላፈርስባት ሆነ።

አሁን ስለ ግንበኝነቴ ልናገር። በደፈንኩ ጊዜ ሲሚንቶው እንዳያልቅብኝ ብዬ አሸዋ አብዝቼ ነበር። ሥራዬን ያየ ግንበኛ «ይህ ግድግዳ ቢያስነጥሱበት ይወድቃል» ብሎኝ ተቆጥቼው ነበር። ጌታ ይባርከው፣ እውነቱን ነው። በጥቂት ምት የመጀመሪያው ብሎኬት ተነቀነቀ፤ ሁለተኛው ራሱ ወደቀ፤ እግሬ ላይ። ሰው የእጁን ክፋት እንዲህ አመስግኖ አያውቅም።

የዘሀራ ምርጊት ግን ጠንካራ ነው። ጭድ አብልታ ነው ያቦካችው፤ እሷ የምትሠራውን ነገር አታጓድልም። ጭቃውን በካውያው ጫፍ እየፈለፈልኩ «አለሽ? አለሽ?» እላለሁ። አንቱታው የት እንደገባ አላውቅም። የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ነው፤ እሱም ተጎታች እንደሚስብ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ያቃስታል። ክንዴ ዛለ። ግንባሬን ጭቃው ላይ አሳርፌ ቆምኩ። እዚያው ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር።

እጄን በቀደድኩት ቀዳዳ ሰደድኩ። ጨርቅ ነካሁ፤ ሻሿን። በዚያው በር ላይ ተደግፋ ነበር የተቀመጠችው።

ራሷን ወደ ጎን ገፋ እያደረግኩ ቀዳዳውን አሰፋሁ። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያየኝም። መደርደሪያዬ ላይ በሶና ስኳር አለኝ፤ የሽማግሌ ወጥ ቤት ይኸው ነው። ስኳሩን በውኃ ለመበጥበጥ ብርጭቆዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከበሩ በላይ ካለው መደርደሪያ፣ አበበች ለዘሀራ ብቻ ለይታ የምታስቀምጣትን ሲኒና ሳህን አወረድኩ። በእኛ አገር የክርስቲያን ቤት ሙስሊም ጎረቤት ካለው ለእሱ ንጹሕ ዕቃ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የእኛ ሥጋ ያልነካው። በኩርፊያው ሁሉ ያቺን ሲኒ አልነካኋትም ነበር። ለምን እንዳልጣልኳት አትጠይቁኝ፤ ለመጣልም ጉልበት ይፈልጋል።

ስኳሩን በጣቴ እያስላስኩ አጠጣኋት። ግማሹ በአንገቷ ወረደ። ደግሜ በጠበጥኩ። ቆየ። ውጭ ሰይድ ይጣራል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ባልዲዬ ሞልቶ ወለሉን ያጥባል። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ቢስሚላህ» አለች። ዋጠች። ከዚያ ዓይኗ ሲኒው ላይ ዐረፈ። «በምንድን ነው የምታጠጣኝ?»

«በራስሽ ሲኒ።»

«አበበች ያስቀመጠችልኝ?»

«እሷው።»

አየችኝ፤ አሁን በትክክል አየችኝ። «ካሳ፣ ፊትህ ጭቃ ነው።»

«የአንቺ ምርጊት ነው።»

«አየህ፣ የእኔ ይይዛል።»

በሶውን በስኳር አሽቼ አበላኋት። ጥቂት ሲበረታት በቀዳዳው ስቤ ወደ እኔ በኩል አሳለፍኳት። ቀላል ናት፤ የከበደኝ ምላሷ ነው። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሳንቃውን አይታ ቆመች።

«ጫማዬስ?»

«ዘሀራ፣ ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

«በባዶ እግሯ በመስኮት ወጣች ልባል ነው?»

የእኔን ጫማ አደረገች። በባዶ እግሩ በመስኮት የወጣው እኔ ነኝ፤ ይህን ከተማው አልረሳልኝም። ሰይድ ሁለታችንንም ተራ በተራ እንደ ዱቄት ጆንያ ተቀበለን። ዳገቱ ላይ ከጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቤቱ አልወደቀም። ሁለቱም ግማሾች እንዳረጁ፣ እንደተንጋደዱ፣ አንዱ አንዱን ተደግፎ ቆመው ነበር።

ሰላማዊት ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ጥያቄዎን ይገፉበታል? ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ልጄ፣ ደክሞኛል።»

«ደክሞኛል ማለት ይፍረስ ማለት ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጄም አልጠየቀኝ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩ። ወደ ዘሀራ አየሁ፤ በእኔ ጫማ ቆማ ሰይድን ማድ ቤቱ ያለውን ምሳ እንዲያወጣ ታዝዘዋለች፤ እንግዶቹ ጾማቸውን ሊመለሱ ነው ብላ።

«አይደለም» አልኩ። «ደክሞኛል ማለት ደክሞኛል ማለት ነው።»

ያን ቀን ምሳውን ሰይድ ቤት በላን፤ አቶ ይመርም በአንድ እግሩ ሆኖ ድርሻውን አላጓደለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አላታልላችሁም። ማመልከቻዬን አነሳሁ። ልጄ አኮረፈ፤ ስልክ ሲደውል ስለ አየሩ ብቻ ይጠይቀኛል። ወለሉ እስኪደገፍ ድረስ ሁለታችንም ሰው ቤት ከረምን። ተመልሰን ስንገባ የደረጃው ፈቃድ ገና አልመጣም ነበር፤ ዘሀራ ከቤቷ ለመውጣት በትንሿ በር ወደ እኔ ክፍል ትገባለች፣ አልጋዬን ትዞራለች፣ ስላልተነጠፈ ትወቅሰኛለች፣ ከዚያ በመስኮቴ በሳንቃው ወደ ዳገቱ ትሄዳለች። ስትመለስም እንዲሁ። የመካነ ሰላም መናኸሪያ እንኳ እንደ እኔ መኝታ ቤት ተመላላሽ የለውም። ደረጃው ሲሠራ የእኔን እርከኖች ራሴ አጠገቡ ቆሜ ሰይድን አስጠረብኩ። እሷ በየቀኑ በምርኩዟ እየመታች ታልፋቸዋለች፤ የራሷን አትመታም።

ድካም እንደሆነ አልለቀቀኝም። ጉልበቴ ያው ነው፤ ባልዲውም ያው ነው፤ የቆርቆሮው ፈቃድ አሁንም በሂደት ላይ ነው ይሉኛል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የራሴን ድካም በቤቱ ላይ ማላከክ ትቻለሁ። ምናልባት ከእናንተም መካከል ሰልችቶት ሊያፈርሰው የተነሳ ነገር ያለው ይኖራል፤ ቤትም ይሁን ጉርብትና። እሱን ሰው አፍርስም አታፍርስም አልለውም፤ እኔ ምን አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ ቁጭ ይበልና የደከመው ማን እንደሆነ ይለይ።

ትንሿ በር እንደተከፈተች ናት። የሰበርኩት ብሎኬት ጥግ ላይ ተከምሯል፤ ዘሀራ እሱ ላይ እየተቀመጠች ታርፋለች። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ መነሳቱ ተራራ ሲሆንብኝ፣ ከወዲያ በኩል ምርኩዟ ጉበኑን መታ መታ ያደርገዋል።

«አላችሁ?»

ብቻዬን ነኝ፤ ግን በብዙ ቁጥር ነው የምትጠይቀኝ፤ ድሮ ለእኔና ለአበበች እንደምታደርገው። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ጉልበቴን ሳላንቋቋ፣ እንደ ደንቡ እመልስላታለሁ።

«አለን።»